ሞተር ላይ ቴፕ መግጠም፤ የአቀስታው ሥራዬ

(በምሩቃን መገናኛ ቀን በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለዓመታዊ መጽሔቱ ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሥራህ 20 ደቂቃ ተናገር» ሲሉኝ ፕሮግራሙ ላይ የያዙልኝ ርዕስ «በተሽከርካሪዎች ላይ የድምፅ ሥርዓት ተከላ» የሚል ነበር። አስቀየርኩት። አቀስታ ሱቄ በር ላይ የተጻፈው «የሞተርና የባጃጅ ቴፕ ይገጠማል» ነው፤ ደንበኞቼም የሚያውቁኝ በዚሁ ነው። ከ2009 ባች የኤሌክትሪካል ልጆች መካከል አንዳንዶቻችሁ ጠዋት ሻይ ላይ «እውነት ቴፕ ገጣሚ ሆንክ?» ብላችሁኛል። አዎ፣ ሆኛለሁ። የማወራውም ስለዚያው ነው። እንዳይሰለቻችሁ ሒሳቡንም ወሬውንም ቀላቅዬ አመጣዋለሁ።

ነገሩ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ የሚባለውን ትልቁን የረዥም መንገድ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ። በ1980 ደግሞ የነፋስ መከላከያና የጎን ሣጥን ያለው ኢንተርስቴት የተባለው ሞዴል ሲመጣ፣ ስቴሪዮ ለፈለገ ይገጠምለት ጀመር። የ2001ዱ ጎልድ ዊንግ 6 ሲሊንደር ነው፤ ጉልበቱ ከ1,800 ሲሲ በላይ፣ ዲናሞው የሚሰጠውም ከ1,000 ዋት በላይ ነው። ፈረንጅ «ቱሪንግ ሞተር» የሚለው ይህን ነው። የእኛ ቱሪንግ ሞተር ደግሞ 100 ወይም 150 ሲሲ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ነው። ሁለት ሰው፣ ግማሽ ኩንታል እህል፣ ሲያስፈልግም አንድ በግ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል። መንገዱ ግን ከእነሱ አያንስም። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱ አድርጎ አቀስታ፣ ከአቀስታም መካነ ሰላም ድረስ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ ነው። ብርዱን ለጋምቦን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋው አምባ ፈሪት እዚያው ጎረቤታችን ነው። ውርጭ በጣለ ጠዋት ጋቢውን በጃኬቱ ላይ ደርቦ፣ ጓንት አጥልቆ፣ ብቻውን በጭጋግ ውስጥ የሚሄድ ሰው ሙዚቃ ቢያምረው አይፈረድበትም። ደግሞ ሬዲዮ አለው እንዳትሉኝ። ኤፍ ኤም ማዕበል ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ተራራ ከጋረደው፣ ገደል ውስጥ ከገባችሁ አለቀ፣ ሹሹሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ፍላሹን ይዞ ነው የሚዞረው።

ፍላሹ ውስጥ ምን አለ? ወሎ አይደለን፤ መንዙማ አለ። ከዚያ ማሲንቆ አለ፣ በአገራችን ስም የተጠሩት አምባሰልና ባቲ አሉ፣ የወጣቶቹ ደግሞ የሰሞኑ ዘፈን ነው። ይህን የምናገረው ለወግ አይደለም፤ ሥራው ከዚህ ነው የሚጀምረው። መንዙማ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ድቤውን ይፈልጋል። ድቤ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ ትልቅ ሸራ፣ የታሸገ ሣጥንና ጉልበት ይጠይቃል። ማሲንቆና የሰው ድምፅ ያን ያህል አያስቸግሩም፤ መሐል ላይ የሚውሉ ድምፆች ናቸው፣ 6 ኢንች ተኩል ስፒከር በሚገባ ይወጣቸዋል።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ገበያ ላይ የሚሸጠው ስፒከር ላይ «1,000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፎበታል። አንድ ወጣት ይህንኑ ይዞ መጥቶ «ይቺን ግጠምልኝ፣ አገር ታንቀጥቅጥ» አለኝ። እስክርቢቶ አውጥቼ ካርቶን ላይ አካፈልኩለት፦ 1,000 ዋት ለ12 ቮልት 83 አምፔር ይመጣል። የሞተሩን ፊውዝ አውጥቼ አሳየሁት፤ 10 አምፔር ይላል። «እና ውሸት ነው የጻፉት?» አለ። ውሸት ነው። ሌላም ልንገራችሁ፤ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት በውስጡ የሌለው አምፕሊፋየር፣ 14 ቮልት ገደማ ከሚሰጥ ሞተር ላይ ተነሥቶ፣ በ4 ኦም ስፒከር ከ20 ዋት ብዙም የማይበልጥ ንጹሕ ድምፅ ነው በአንድ ቻናል ሊሰጥ የሚችለው። ከዚያ በላይ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ጮኸ ብሎ የሚደሰተው ሰውዬ የሚሰማው ብልሽቱን ነው። ይህን የኦም ሕግ የያዘ ተማሪ በሁለት መስመር ያወጣዋል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል፤ የዚያን ጊዜ ግን ለፈተና ነበር።

የትንሽ ሞተር ዲናሞ በጥሩ ፍጥነት ላይ ከ100 ዋት ብዙም የዘለለ አይሰጥም። ሚኒሞ ላይ ሲሆን ደግሞ ከግማሽም ሊያንስ ይችላል። የፊት መብራቱ 35 ዋት ገደማ ይበላል፤ የኋላ መብራት አለ፣ ፍሬቻ አለ፣ ክላክስ አለ፣ ካንዴላው ራሱ ብልጭታ ይፈልጋል፣ ባትሪውም መሙላት አለበት። ሁሉንም ስትቀንሱ ለሙዚቃ የሚተርፈው 20፣ ቢበዛ 30 ዋት ነው። ባትሪው ደግሞ ከ12 ቮልት 5 አምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ ይህ 60 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 30 ዋት ሰዓት ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ በአማካይ 25 ዋት የሚበላ ቴፕ ከፍቶ በዓል የሚያከብር ሰው፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ሲነሣ ሞተሩ በቁልፍ እምቢ ይለዋል። በብርድ ላይ ደግሞ የባትሪ አቅም ይቀንሳል፤ የእኛ ጠዋት አያዝንለትም።

ከዚህ የተነሣ የምገጥመው ክፍል ዲ የተባለውን ዓይነት አምፕሊፋየር ነው። የድሮው ዓይነት ከሚወስደው ኃይል ግማሽ ያህሉን በሙቀት ያጠፋዋል፤ ክፍል ዲ ግን ከ85 እስከ 90 በመቶውን ድምፅ ላይ ያውለዋል። በጎልድ ዊንግ ቢሆን ማን ይጨነቃል? እኛ ግን በዋት እንቆጥራለን፤ እንደ ጨው።

ስለ ሽቦ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ባለፈው ዓመት አንድ የእህል ነጋዴ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኖ አመጣልኝ። ሌላ ከተማ ቴፕ ያስገጠመ ነበር። የቴፑን ፖዘቲቭ ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጥለውታል፤ ፊውዝ የለም፣ መገጣጠሚያው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሏል። ማኑብሪው ሲዞር ሽቦው ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ከርሞ፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ኮንታክት አደረገ። ከመብራቱ እስከ መቀመጫው ሥር ያለው ሽቦ በሙሉ አንድ ላይ ቀልጦ ነበር። ሰውዬው ቤንዚን ከያዘ ታንከር በታች እሳት ሲነሣ በጋቢው አፍኖ ነው ያጠፋው። ጋቢውን አሳየኝ። «አብሽር፣ ሰው ተርፏል» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል።

ስለዚህ የእኔ ሱቅ ሕግ አጭር ነው። መስመሩ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፤ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ 10 አምፔር ፊውዝ ይገባበታል። ቴፑ የሚበራው በሪሌ ነው፤ ሪሌውን የሚቀሰቅሰው የሞተሩ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ሲነቀል ቴፑም ይሞታል። ኔጌቲቩ፣ ጋራዥ ውስጥ «ማሳ» የምንለው፣ ከሻሲው ሳይሆን ተመልሶ እስከ ባትሪው ይሄዳል። ቀለም ከተቀባ ብሎን ላይ የታሰረ ማሳ ዛሬ ይሠራል፣ ክረምት ሲገባ ዝጎ ያለቅሳል። ማኑብሪው አጠገብ ሽቦው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው ሲዞር የማይወጠርበት ትርፍ ይተውለታል። ስፒከሩ ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ አስገባለሁ፤ ኮረኮንቹ ብሎን ብቻ ሳይሆን በእርሳስ የተበየደውንም ያላቅቃል። አምፕሊፋየሩ በትንሽ የአሉሚኒየም ሣጥን ይታሸጋል፤ ሣጥኑ ራሱ ሙቀቱን ያወጣለታል። በስስ አየር ነገር ቶሎ አይቀዘቅዝምና ሣጥኑን ዳር ላይ፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ነው የማስቀምጠው።

ስስ አየር ካልኩ አይቀር፣ ለፊዚክስ መምህራኖቼ የሚሆን ጉዳይ አለኝ። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁሉም ያውቃል። የስፒከሩ ሸራ ግን ያንኑ ያህል እየተንቀሳቀሰ፣ የሚገፋው አየር ስስ በመሆኑ፣ ድምፁ ከ2 ዲሲቤል ተኩል በላይ እንደሚያንስ ብዙ ሰው አያውቅም። ኮምቦልቻ ግቢ አሪፍ የነበረው ስፒከር አቀስታ ላይ ደከመ የሚሉኝ ሰዎች ሐሳባቸው ብቻ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ሥራ የኮራሁበት የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ሙዚቃም አይደለም። አንድ የጤና ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ይዞ መጣ። የሕፃናት ክትባት ሊሰጥ ነው፤ ገደል ውስጥ ላሉ መንደሮች ቀኑን ማሳወቅ ነበረበት። መኪና አይገባም፣ ኔትወርክ አይይዝም፣ ሰው በእግር ቢላክ ሁለት ቀን ነው። «ሞንታርቦ ግጠምልኝ» አለኝ። ሞንታርቦ የጣሊያን ኩባንያ ስም መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኛ ጋ ለሠርግም፣ ለስብሰባም፣ ለለቅሶም የሚጮኸው ሁሉ ሞንታርቦ ነው።

እሱ የጠየቀው ሁለት ትልልቅ የመኪና ስፒከር ነበር። እኔ ጡሩምባ ቅርጽ ያለውን፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ላይ የምታዩትን ዓይነት መረጥኩለት። ለምን? ተራ የመኪና ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት 89 ዲሲቤል ገደማ ይሰጣል። ጡሩምባው በዚያው 1 ዋት 107 ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ 18 ዲሲቤል ነው፤ በኃይል ሲተረጎም ከ60 እጥፍ ይበልጣል። 20 ዋት የተሰጠው ጡሩምባ የሚያሰማውን፣ ተራው ስፒከር ለማሰማት ከ1,200 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለንም። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዲሲቤል ይቀንሳል፤ ከ1 ሜትር ተነሥታችሁ 9 ጊዜ ብታጥፉት 512 ሜትር ነው። 120 የነበረው 66 ይሆናል። ነፋሱና ቁጥቋጦው ከዚያም ላይ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው ሲነጋገሩ የሚሰማው ራሱ 60 አካባቢ ነው። ድቤ አይወጣበትም፤ ሰውዬው ግን የሚያስተላልፈው የሰው ቃል ነው።

አጠቃቀሙንም አብረን ሞከርነው። ሞተሩን ጠርዝ ላይ ያቆማል፣ ያጠፋዋል፤ የሞተር ድምፅ ቃሉን ይውጠዋልና። ጡሩምባውን ወደ መንደሩ ያዞራል፤ ለዚህ ብዬ መያዣውን የሚዞር አድርጌዋለሁ። ቀስ ብሎ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ገደሉ እስኪመልስለት እየጠበቀ ሦስት ጊዜ ይናገራል። አንድ ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ ምን አለኝ መሰላችሁ፤ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጥታ «ትናንት ማታ ከገደሉ አፋፍ ያወጁት እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። «እኔ ነኝ» ሲላት «ደጋግመው ጠሩን፣ ቀርተን ምን ልንል ነው» አለች አሉ።

ወደ ሙዚቃው ልመለስ። በቅሎ በሞተር ድምፅ ብቻ ትደነግጣለች፤ ሙዚቃ ሲጨመርበት ጭነቷን ጥላ ትሮጣለች። ለቅሶ ቤት በር ላይ ዘፈን ከፍቶ ያለፈ ሰው ደግሞ እኛ አገር ስሙ አይነሣም። ከስልኩ ላይ ድምፅ ልቀንስ እያለ በብርድ በደነዘዘ ጣት ሲነካካ፣ ለቅሶውን አልፎት ይሄዳል፤ ዓይኑም ከመንገዱ ይነሣል። ስለዚህ በግራ አውራ ጣት የሚነካ፣ ድምፁን ወዲያው የሚያጠፋ አንድ ቀይ ቁልፍ ማኑብሪው ላይ ማድረግ ጀመርኩ። ደንበኞቼ ስም አወጡለት፤ «የለቅሶ ቁልፍ» ይሉታል። አሁን ቴፕ የሚያስገጥም ሁሉ «የለቅሶው ቁልፍ አለው አይደል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

አሁን የምነግራችሁ ግን ያልጨረስኩት ነገር ነው፤ እውነት ለመናገር እዚህ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

አንድ ልጅ ሞተሩን አምጥቶ ሁለት ስፒከርና አምፕሊፋየር እንድገጥምለት ከፈለኝ። ሊወስድ አንድ ቀን ሲቀረው አባቱ መጡ። ቆመው ብዙ አዩኝና «ልጄ፣ አንተ ነህ የምትሠራው?» አሉኝ። «አዎ አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። አልተቀመጡም። «ታላቁ ወንድሙ መንገድ ላይ ነው የቀረብን። ጠመዝማዛው ላይ አይሱዙ መጣበት። ሾፌሩ ክላክስ አድርጌያለሁ ይላል፤ ልጄ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር። ሰምቶ ይሆን? አልሰማ ይሆን? እሱን የሚነግረኝ አላገኘሁም። የዚህን አንተ ቀንስልኝ።»

ምን ማለት ነው «ቀንስልኝ»? በስንት? ለመምህራኖቼ እንደ ጥያቄ ላስቀምጠው። ሞተር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ሙዚቃም ሳይኖር፣ የነፋሱ ድምፅ ብቻ በሄልሜት ውስጥ 90 ዲሲቤል ሊደርስ ይችላል። ለሠራተኞች ጆሮ ደኅንነት የሚመከረው 85 ዲሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። አሽከርካሪው ሙዚቃውን ከነፋሱ በላይ ሊያደርገው ይገደዳል፤ ያኔ ክላክሱ ከሥር ይቀራል። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ተሽከርካሪዎች እያንዳንዳቸው በ40 ቢሄዱ፣ በ3 ሰከንድ ውስጥ 66 ሜትር ይቀራረባሉ። የእኛ ጠመዝማዛዎች ብዙዎቹ 66 ሜትር አያሳዩም። ጆሮ ነው የሚቀድመው።

መለኪያ የለኝም። ያደረግሁት ይህን ነው። ልጁን ሞተሩ ላይ አስቀምጬ፣ ሜዳ ላይ በ40 እየሄደ፣ ረዳቴ ከኋላው 50 ሜትር ርቆ በሌላ ሞተር ክላክስ ያደርጋል፤ ልጁ ሲሰማ እጁን ያነሣል። እጁን በየጊዜው እስኪያነሣ ድረስ ድምፁን ቀነስን። እዚያ ላይ ሲደርስ፣ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማስተካከያ በካቻቢቴ ቆለፍኩና ሣጥኑን አሸግኩት። ከስልኩ እስከ መጨረሻው ቢከፍተው ከዚያ አያልፍም። ዛሬ የምገጥመው ሁሉ በዚህ ፈተና ነው የሚወጣው። የጆሮ ማዳመጫ ሄልሜት ውስጥ ግጠምልኝ የሚለኝን ግን በማንኛውም ገንዘብ አልገጥምም። ሱቁም ላይ ጽፌዋለሁ።

ልጁ አልወደደውም። «ሰው የሚሰማው መሰለህ ይሄን?» አለኝ። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ሣጥኑን አስከፍቶ ማስተካከያዋን እስከ ጫፍ አዞራት። አሁን አቀስታ ገበያ ሲገባ ከሩቅ ይሰማል። አባቱ ሱቄ በር ላይ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል፤ ስለ ልጁ አያነሡም፤ እኔም አላነሣም። ድምፁ ሲመጣ ግን ሁለታችንም ቀና እንላለን።

መምህራኖቼ፣ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻና ደሴ በደረሰ ጊዜ ላብራቶሪዎቻችን ምን እንደሆኑ አይታችኋል፤ ስለዚህ መሣሪያ ስጡኝ ብዬ አላፍርም አልልም። ግን አንድ የድምፅ መጠን መለኪያና ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ለአንድ ክረምት ብትልኩልኝ፣ ሞተሮቹ አሉ፣ አሽከርካሪዎቹ አሉ፣ ጠመዝማዛዎቹም አሉ። በሄልሜት ውስጥና ከሄልሜት ውጭ፣ በ30፣ በ40፣ በ60 ፍጥነት፣ የአይሱዙ ክላክስ በስንት ሜትር እንደሚሰማ እንለካለን። በፍጥነቱ ልክ ድምፁን ራሱ የሚቀንስ፣ ክላክስ ሲሰማም የሚያጠፋው ሰርኪት ደግሞ ለመመረቂያ ሥራ የሚሆን ነው። ማይክራፎኑን ከነፋስ መከላከሉ ላይ ነው እኔ የቆምኩት፤ ኮንትሮል የሚያስተምሩት መምህሬ እዚህ ስላሉ ከምሳ በኋላ እይዛቸዋለሁ።

ተማሪዎቹ ማደሪያ ሱቁ ጀርባ አለ። ጋቢ ይዘው ይምጡ፤ ክረምት ነው፣ ለጋምቦ ነው።

ሞተሯን ይዤ መጥቻለሁ፣ ውጭ ዛፉ ሥር ቆማለች። ጡሩምባው ተነቅሏል፤ ጎን ያለው ክፍል ፈተና ላይ ነው አሉኝ። ቴፑን ግን ማየት የሚፈልግ ይምጣ፤ የለቅሶው ቁልፍ በግራ በኩል ነው።